አያ መኩሪያ ለሽማግሌዎች ቆቅ የጠራ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ላሊበላ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለችው የሞላ ልብስ ስፌት ቤት ተቀምጬ የሱሪዬ ዚፕ እስኪቀየር እጠብቅ ነበር። ሞላ የሚሰፋው ስልኩን ከክር ማስቀመጫው ጋር አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ነው። የከተማችን ሰው ሱሪ አንዱ እግር ከሌላው የሚያጥረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማኝም። ጋዜጣ ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ከኋላዬ አውራ ቆቅ ጮኸ። «ቀቅ … ቀቅ … ቀቀቀቀቅ!» ደነገጥሁ ማለት አይገልጸውም። ጋዜጣው ከእጄ ወደቀ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቦርጬ፣ ከስፌት መኪናው ሥር ልገባ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

«ምነው አንተ ሰውዬ?» አለ ሞላ። «ፊትህ ላይ ደም የለም እኮ!»

«አጥፋው።»

«ምኑን?»

«ቆቁን! … ቆይ፣ አታጥፋው። ድገመው።»

«ወይ ጉድ! አጥፋው ነው ድገመው? አንተ መቼም ከሰው አልስማማም ስትል ኖረህ አሁን ከራስህም ጋር ተጣላህ።»

ደገመው። በስልኩ ውስጥ ቅጠል የመሰለ ልብስ የለበሰ አንድ ፈረንጅ አለ። በግራ እጁ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ነገር በጣቶቹ ጫፍ ይዟል፤ በቀኙ እርሳስ የመሰለ የእንጨት ዘንግ። ዘንጉን በክቡ ፊት ላይ ትንሽ ሲፍቀው ያ ድምፅ ይወጣል። ሰውየው የሚያድነው ተርኪ የሚሉትን፣ ጠቦት የሚያህለውን ወፍ ነው። እንግሊዝኛውን እየሰማሁ ለሞላ ተረጎምሁለት፦ ፊቱ የድንጋይ የሆነ አለ፣ የመስታወት የሆነ አለ፤ ድንጋዩ ለቅርብ፣ መስታወቱ ነፋስ ላለበት ቀን ይሻላል፤ በየጊዜው መሞረድ አለበት። ሞላ ከት ብሎ ሳቀ። «ይኼን ሁሉ ለአንድ ወፍ! ሱቅ አይሸጥለትም?» አለ። እኔ ሊያስቀኝ አልቻለም። ያንን የጣቶች አያያዝ፣ ያንን የዘንግ አዘነባበል፣ ያ ሰውዬ ሳይወለድ እዚሁ ላስታ፣ ብልባላ ላይ አይቼዋለሁ። በዚያው ጩኸት የአንድ ሰው ሕይወት ሲመዘንም አይቻለሁ። አገራችን ውስጥ ከእኛ ተረተር በቀር ይህን ነገር ያየ ሰው አላጋጠመኝም፤ ስናገርም የሚያምነኝ አልነበረም። አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ሰው በስልክ ውስጥ ሆኖ ምስክር ሆነኝ።

ድሮን የሚያሞግስ ጽሑፍ እንደማልወድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ባልንጀሮቼ ባረጁ ቁጥር ያ ዘመን እየወዛና እየጣፈጠ ይሄድባቸዋል፤ እኔ በበኩሌ ቁንጫውን አልረሳሁም። ደግሞም የየትኛው መንግሥት ዘመን ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከላይ ማን እንደተቀመጠ ብልባላ የሚሰማው ዘግይቶ ነበር። የማስታውሰው ከመምህራን ማሠልጠኛ ለዕረፍት ስመለስ የለበስሁትን የቴትሮን ሱሪ ነው። ተኩሱ አይጠፋም ተብሎ የተገዛ፣ ስሄድ የሚንሿሿ፣ ፀሐይ ላይ እንደ ድስት ክዳን የሚያብረቀርቅ። ከሥሩ ኮንጎ ጫማ፤ ላስቲኩ በቀትር እግር ያበስላል፣ በማለዳ ደግሞ ያደርቃል። ብልባላ ገበያ ጥግ ላይ ቴፕ ያላት አንዲት ጠላ ቤት ነበረች። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው ይጎተታል፤ ያን ጊዜ ባለቤቲቱ ባትሪዎቹን አውጥታ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ታስመታቸዋለች፣ ጠጪውም ባትሪ እስኪሞቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከጠላ ቤቷ ፊት ለፊት የሸቀጥ ነጋዴዎች ሸራ ዘርግተው ይቀመጣሉ፦ ኩል፣ መርፌ፣ የፀጉር ማበጠሪያ፣ ከጀርባዋ የሕንድ ፊልም ተዋናይት ሥዕል ያለባት ክብ የኪስ መስታወት በስሙኒ። አሁን እዚያው ቦታ ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ነጋዴው ግን ያው ነው፤ ድሮም ዘንድሮም መልስ የለኝም ይላል።

አያ ደሴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚወስደው መንገድ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያረሰ፣ እጁ ረጅም፣ አፉ ከእጁ የሚረዝም ሰው። ከገደሉ ማዶ የሚኖረው አያ መኩሪያ ደግሞ የአደን ባልንጀራው ነበር፤ እህቱን እታገኝን የሰጠውም እርሱ ነው። እታገኝን እኔ እታለም ነበር የምላት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ቆቅ የሚያድኑት በወጥመድ አልነበረም። ወጥመድ ለሰነፍ ነው ይሉ ነበር። እነርሱ ወፉን የሚያመጡት በመጥሪያ ነው፤ ሌላ ስም አልነበረውም፣ መጥሪያ ብቻ። የቅል ቂጥ ተቆርጦ አፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሰም ይጣበቃል፣ ከሥሩ ድምፅ መውጫ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ በወይራ ዘንግ ይፋቃል። አውራው ቆቅ በግዛቱ ሌላ አውራ የገባ ይመስለውና ደረቱን ነፍቶ ለጠብ ይመጣል። የሚመጣው ለጠብ ስለሆነ ጥንቃቄውን ይረሳል። ይህ የወፍ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ በኋላ ታያላችሁ።

ቅል መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አያ ደሴ ቅል ሻጯ ፊት ቁጢጥ ብሎ አንድ ባንድ እያነሳ፣ በጥፍሩ እያንኳኳ፣ ጆሮው ላይ እየደገነ ግማሽ ቀን ያሳልፋል። ቆዳው የሳሳ ቅል ይጮሃል እንጂ አይናገርም፤ የወፈረ ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል። በእሳት ችኮላ የደረቀ ይሰነጠቃል፤ ጭስ ካለበት ጣሪያ ሥር ክረምትን ያሳለፈ መሆን አለበት።

«አንተ ደሴ፣ ቅሉን ልትገዛው ነው ልታገባው?» ትለዋለች ሻጯ።

«የሚጮኸውን እየመረጥሁ ነው እኮ እማማ።»

«እታገኝንም እንዲህ አንኳኩተህ ነው የወሰድካት?»

«እሷንማ ሳላንኳኳ ነው፤ ይኸው እንደጮኸች አለች!»

እታለም ከኋላው ቆማ ትሰማ ነበርና በእጇ የያዘችውን የጎመን ዘር ከረጢት ጀርባው ላይ አሳረፈችበት። ገበያው ሳቀ። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለ ምን እንደተጨነቅሁ እንዲገባችሁ ነው።

ከተሠራ በኋላ ጥበቃው ይብሳል። የድንጋዩ ፊት ከለሰለሰ ዲዳ ነው፤ ስለዚህ በአሸዋማ ድንጋይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሞረዳል፣ ዘንጉ ደግሞ ሞረዱን አቋርጦ ይሄዳል። የዘንጉም ጫፍ ሲያብረቀርቅ ይፋቃል። እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ካኖርኸው ግን ሰሙ ይቀልጥና ድንጋዩ ይወልቃል። አያ ደሴ ክረምቱን ሙሉ መጥሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ከእህል ጎታ ውስጥ ይቀብረው ነበር። ልጆቹ ሳል ሲይዛቸው እንኳ እንዲያ በጥንቃቄ ሲጠቀልላቸው አላየሁም፤ ይህንም እታለም ፊት ለፊት ትነግረው ነበር። ሲይዘው በመዳፉ አይደለም፤ መዳፍ የነካው ቅል ይታፈናል፣ በጣት ጫፍ ነው። በዚህ ሁሉ ጣጣ መካከል ሁለቱ ሰዎች ሲያወሩ ለሚሰማቸው ስለ ቅዳሴ ዜማ የሚከራከሩ ደብተራዎች ይመስሉ ነበር።

የተጣሉት በገበያ ነው። አንድ ጨው ነጋዴ ከሰቆጣ በኩል ሲመጣ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ቀጭን ድንጋይ ይዞ መጣ፤ የጥንት ተማሪ ይጽፍበት የነበረው ዓይነት። ለመጥሪያ ከዚያ የተሻለ ድንጋይ በላስታ ምድር አይገኝም፤ የእኛው ቀይ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይወጣዋል እንጂ ድምፅ አይወጣውም። አያ መኩሪያ ቀድሞ ደረሰና እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ዋጋ መከራከር ጀመረ። እንግዲህ የገበያችን ሕግ ግልጽ ነው፦ ሰው እጁን ባሳረፈበት ዕቃ ላይ ሌላው ዋጋ አይናገርም። ጠላቱም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። አያ ደሴ ከኋላ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከእጁ በፊት ድንጋዩን ገዝቶታል። ያን ጊዜ አያ መኩሪያን ማስነጠስ ያዘውና እጁን አንስቶ አፉን ሸፈነ። አስነጥሶ ዓይኑን ሲገልጥ ድንጋዩ አያ ደሴ ብብት ውስጥ ነበር።

«እጅህ ተነስቷል» አለ አያ ደሴ።

«ላስነጥስ ነው እኮ ያነሳሁት!»

«ስለ ምን እንደተነሳ ሕጉ አይጠይቅም።»

የሚያስቅ ነገር ይመስላል። እኔም ስቄያለሁ። አገሩ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ በማስነጠስ የተነሳ እጅ ተነሳ ይባላል አይባልም ተብሎ በየጠላ ቤቱ ተከራከረ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ። አያ መኩሪያ ቂሙን በሥራ ተወጣ፦ የሕንዷ ተዋናይት ያለችበትን የኪስ መስታወት ገዛና ተዋናይቷንም የመስታወቱንም ብር ፍቆ ጥሎ፣ ንጹሑን ብርጭቆ ቅል ላይ ለጥፎ የራሱን መጥሪያ ሠራ። «ድንጋይ ለሽማግሌ ነው፤ መስታወት ነፋስ ይቆርጣል» እያለ ማዶ ሆኖ ይሰድባል። እታለም ብቻ ነበረች ገደሉን የምታቋርጥ። ወንድሟ ዘንድ ስትሄድ ባሏ ሰላም በይልኝ አይልም፤ ስትመለስ ወንድሟ ሰላም በይልኝ አይልም። እርሷ ግን ከሁለቱም ወገን ያልተላከ ሰላምታ እያደረሰች ዓመታት ኖረች።

ያ ቀን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ለዕረፍት መጥቼ እነ አያ ደሴ ቤት ነበርሁ። አያ ደሴ በጠዋት ጠመንጃውን ይዞ ወርዷል። ያች ጠመንጃ ከእኔ አያት ዕድሜ የምትበልጥ፣ የጥይት ቀለህዋ በቤት ውስጥ በእርሳስ ፍንካች የሚሞላ ነበረች። እታለም ደጅ ላይ ስንዴ ታበጥራለች፣ እኔ የቴትሮን ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ ድንጋይ ላይ ጨርቅ አንጥፌ ተቀምጫለሁ። ከገደሉ ውስጥ ሁለት አውራ ቆቆች ይጯጯሃሉ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይመልሳል፤ እየተቀራረቡ፣ እየተናደዱ። እታለም ሰፌዱን አቆመችና ፈገግ ብላ፦

«ስማቸውማ! ዛሬስ ሊተላለቁ ነው እኒህ ወፎች» አለች።

ባሏና ወንድሟ ነበሩ። አንዱን በየሌሊቱ አጠገቧ ሲያንኮራፋ የምትሰማው፣ አንዱን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሁለት ወንዶች እየተሳሳቡ በክትክታ ቁጥቋጦው ውስጥ ይሳባሉ፤ እርሷ ቁጭ ብላ የወፍ ጠብ ታዳምጣለች። እኔም አጠገቧ አለሁ። ከዚያ ተኩስ ሆነ። ከተኩሱ ቀጥሎ የሰው ጩኸት መጣ። ስንዴው መሬት ላይ ሲፈስ አይቻለሁ።

አያ ደሴ አያ መኩሪያን አዝሎ ዳገቱን ወጣ። የሁለቱም ልብስ ቀይ ነበር። «ወንድምሽን ገደልሁት፤ እታገኝ፣ ወንድምሽን ገደልሁት» ይላል፤ የታዘለው ደግሞ በሕይወት አለና «ዝም በል፣ ዝም ብለህ ውጣ» ይለዋል። በቃሬዛ ላሊበላ ደረሰ፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ግራ ዓይኑ ግን ጠፋች። የዝገት ቀለም ያለው የሱፍ ቆብ አድርጎ ነበር፤ ከክትክታው በላይ ብቅ ያለው እርሱ ነው፣ የአውራ ቆቅ አናት መስሎ።

አገሩ ግን ስለ ቆብ አልተናገረም። ስለ ድንጋዩ ተናገረ። «ቂም ነው» ተባለ። «ደሴ አውቆ ነው።» አያ መኩሪያ ሲጠየቅ «ለሽማግሌ እናገራለሁ» ከማለት በቀር አፉን አልከፈተም፤ ዝምታው ወሬውን አበሰለው። እታለም የዚያኑ ዕለት ከቤቷ ወጣች። በእኛ ዘንድ የወንድሟን ደም ባፈሰሰ እጅ ቤት ሴት አታድርም፤ ሽማግሌ ሳተ ብሎ እስኪፈርድ ድረስ ምድጃውንም አትነካ። እናቴ ዘንድ ገባች። ልጆቿ አባታቸው ጋር ቀሩ። ሽማግሌዎቹ አውቆ ነው ካሉ አያ ደሴ ባለ ደም ይሆናል፤ አንድም አገር ጥሎ ይጠፋል፣ አንድም ከመኩሪያ ዘመዶች አንዱ አድፍጦ ይጠብቀዋል። እርሷም ወደዚያ ቤት እስከ ዕድሜዋ አትመለስም፤ ልጆቹም የአባታቸው ወገን ናቸው። ሁሉም ይህን ያውቃል። እርሷም ታውቃለች። በየማታው የእናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ከማዶ ተረተር የቤቷን ጭስ ታያለች።

በዚህ ዘመን ስለ ሽማግሌ ዳኝነት ጥበብ በየሆቴሉ ስብሰባ ይደረጋል፤ የታሸገ ውኃ ይቀርባል፣ ተናጋሪው አባቶቻችን ይላል፣ ይጨበጨባል። እኔ ስጋበዝ አልሄድም። የአባቶቻችንን ዳኝነት በዓይኔ አይቼዋለሁና ለማጨብጨብ እጄ አይታዘዘኝም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ተሰበሰብን። የበዓለ ሃምሳ ወቅት ነው። አንዱ ወገን በቀኝ፣ አንዱ ወገን በግራ፤ እታለም ከሁለቱም ሳትሆን መሀል መሬት ላይ ተቀመጠች። የሽማግሌዎቹ አለቃ የኔታ ክንፉ ናቸው። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም፤ በድጓ ትምህርት ቤታቸው ሃያ ተማሪ በአንድነት ሲጮህ አንዱ ድምፁን ቢያዛባ በስሙ ጠርተው የሚያርሙ ሰው ናቸው።

«ደሴ፣ ልጄ፣ ምን ብለህ ተኮስህ?»

«ቆቅ ብዬ፣ የኔታ።»

«የመታኸው ሰው ነው።»

«ሰውስ ሰው ነው። ሲጠራ ግን ቆቅ ነው።»

ከመኩሪያ ወገን አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ። «ነገ ደግሞ በግ መሰልኸኝ ብሎ ያርደናል! በላሊበላ ይዣችኋለሁ፣ ይኼ መልስ ነው?»

«ተቀመጥ፣ አንተ» አሉ የኔታ።

አያ ደሴ ወደ ፊት ወጣ። ጋቢው አንድ ትከሻው ላይ ብቻ ነበር፤ ያን ያህል የከሳ አልመሰለኝም ነበር። «የኔታ፣ ሌላ ምስክር የለኝም። መኩሪያ ይጥራና ስሙት። ሰምታችሁ ቆቅ ነው ካላላችሁ ደሜን ውሰዱ።»

ጉምጉምታ ሆነ። እኔ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ የሚስቅ ጠፋ። የኔታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው ወደ ማዶው ወገን ዞሩ። «መኩሪያ፣ ትጠራለህ?»

«እጠራለሁ።»

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ። እታለምን ባየኋት ጊዜ ለእርሷም ገብቷታል። አያ ደሴ ነፍሱን ያስረከበው እርሱ ራሱ ድንጋዩን ለነጠቀው፣ ዓይኑንም ላጠፋው ሰው ነው። አያ መኩሪያ መሐላ መማል አይጠበቅበትም፣ መዋሸት አይጠበቅበትም፤ ትንሽ አበላሽቶ መጥራት ብቻ ይበቃዋል። ማን ያውቃል? እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ታሟል ይባላል። ከዚያ ሁሉም የሰማው የቅል ጩኸት ይሆናል፤ «ይኼ ነው ቆቅ የመሰለህ?» ይባላል፤ በቃ።

አያ መኩሪያ ከከረጢቱ መጥሪያውን አወጣ። ዓይኑ በጨርቅ ታስሯል፣ ከጨርቁ ሥር ለጋ ቅቤ ይቀባበታል፤ ያን ጊዜ ሐኪም የሰጠውን ቅባት ቅቤ ካልደገፈው ማን ያምነዋል። ቁስሉ ስለሚጠዘጥዘው ጣቱን በየደቂቃው ወደ ጨርቁ ይሰዳል። ጣቶቹ ያብለጨልጫሉ። ቅቤ የነካው መስታወት ደግሞ አይጮህም፤ ዘንጉ ይንሸራተትበታል እንጂ አይዘውም። አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ማንሳት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ሳያስበው እንዳደረገው መስሎ። ጣቱን አየው። መስታወቱን አየው። አያ ደሴ የጋቢውን ጫፍ ነክሷል።

«አመድ አምጡልኝ» አለ አያ መኩሪያ።

ምን እንዳለ የገባው ጥቂት ነው። እታለም ግን ተነስታ ሮጠች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ነጠላዋ ከኋላዋ ወድቆ፣ ከደጁ ጠባቂ ጎጆ ምድጃ በሁለት እጇ ሙሉ አመድ ይዛ መጣች፤ ትኩስ እንደነበረ በኋላ መዳፏን ሳይ ነው ያወቅሁት። እኔ ውኃ አፈሰስሁለት። እስከ አንጓው ታጠበ፤ አሸው፣ ደግሞ ታጠበ፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀ። ከዚያ አሸዋማውን ድንጋይ አውጥቶ መስታወቱን ሞረደው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳይቸኩል። የዘንጉን ጫፍ ፋቀ። በትንፋሹ እፍ አለበት። ያን ሁሉ ሲያደርግ እታለም ፊቱ ቆማ ነበር፤ እንባዋ ይወርዳል። ወንድሟ ቀና ብሎ አላያትም። ተነስቶ ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ጀርባ ዞረ።

ቆየ። ነፋሱ ጥዱን አንሿሿው። ከዚያ «ቀቅ …» አለ። ቆም። «ቀቅ … ቀቅ …» ከዚያ ያ እየፈጠነ፣ እየተንከባለለ የሚወርደው የአውራ ቁጣ። ከገደሉ ውስጥ እውነተኛ ወፍ መለሰ። ካቡ ጀርባ ያለው ደገመው፤ ወፉም ደገመ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሲያድግ የሰማውን ድምፅ ነው የሰማው፤ የቱ የሰው የቱ የወፍ እንደሆነ ግን እምላለሁ፣ አላወቅሁም።

የኔታ ክንፉ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «መኩሪያ ምን ሆነ? አይጀምርም እንዴ? እኒህ ወፎች ዝም እስኪሉ ነው የምንጠብቀው?»

ያ ተነስቶ የነበረው ጎልማሳ እንኳ አፉን በእጁ ያዘ።

«የኔታ» አለ አያ መኩሪያ ከካቡ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ «አንደኛው እኔ ነኝ።»

የኔታ ፊታቸውን ድምፁ ወደ መጣበት አዞሩ። «ዓይን ቢኖረኝ እኔም እተኩስብህ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ስቷል። ፍርዱ ይኸው ነው። ካሣውን እንነጋገራለን።»

ሕዝቡ መተንፈስ ጀመረ። አንዱ እግዚአብሔር ይመስገን አለ፣ አንዱ ተነስቶ ጋቢውን አራገፈ። አያ መኩሪያ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ።

«አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የኔታ። ለሽማግሌ እናገራለሁ ያልሁት እርሱን ነው።»

«ተናገር።»

«እኔም ቆቅ ሰምቼ ነው የተሳብሁት። ማለዳውን ሙሉ ስንጠራራ የነበረው እኔና እርሱ ነን። ክትክታው ሲነቃነቅ ቀድሜ ያነጣጠርሁት እኔ ነኝ። ቃታውን ሳብሁ፤ ከሸፈ። ቀና ብዬ ቀለሁን ሳይ ነው እርሱ የተኮሰው።»

እታለም ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሁለታችሁንም» አለች፣ «ሁለታችሁንም በአንድ ቀን! ስንዴ እያበጠርሁ!» ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ለዚህ የሚሆን ፍርድ በማንም ዘንድ አልነበረም። እኔ ወደ አያ ደሴ ዞርሁ። እግሩ ላይ ይወድቃል፣ ያለቅሳል፣ አንድ ነገር ይላል ብዬ። ፊቱ ነጭ ነበር። ወደ አማቹ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

«በየትኛው ነው የመጣህልኝ?» አለው።

«ምን?»

«በየትኛው ጥሪ ነው የመጣህልኝ? በመጀመሪያው ነው ወይስ አጋኜ በጠራሁት?»

አያ መኩሪያ በቀረችው ዓይኑ አየው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ካልተነጋገሩ በኋላ ነው ይህ።

«በመጀመሪያው» አለ። «ያጋነንኸውማ አስጠርጥሮኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው አያ ደሴ ያለቀሰው። እያለቀሰም «ድንጋይ ነው እኮ፣ አላልሁህም?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ነፋስ ስላልነበረ ነው» ይለዋል። አንዱ የታሰረ ዓይኑን ይዞ፣ አንዱ አፍንጫውን በጋቢው እየጠረገ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ስለ ድንጋይና ስለ መስታወት ክርክር ገጠሙ። እታለም ሁለቱንም እያፈራረቀች አየቻቸው። እንደዚያ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ በተኩሱ ቀን እንኳ እንዲያ አልነበረችም። ከዚያ ተነሳች፣ ነጠላዋን ከወደቀበት አንስታ አራገፈች፣ ማንንም ሳትሰናበት፣ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ በተቃጠለ መዳፏ ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁል ወደ ልጆቿ ወረደች።